ጣሪያው ለማን፣ ወለሉ ለማን?

በ1351 የእንግሊዝ ፓርላማ ያወጣው ሕግ፣ ሣር አጫጅ በቀን ከ5 ፔኒ፣ ዋና ግንበኛ ከ4 ፔኒ፣ ዋና አናጢ ከ3 ፔኒ በላይ እንዳይቀበል ይከለክላል። (የውጭ አገሩ ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከሦስት ዓመት በፊት የገባው፣ ጥቁሩ ሞት የሚባለው ወረርሽኝ ከሕዝቡ ሲሶውን፣ አንዳንዶች እንደሚሉትም ግማሹን ጨርሶት ነበር። እህሉ ማሳ ላይ ቆሟል፤ አጫጅ የለም። ከሞት የተረፈው ገበሬ ዋጋ የመጥራት ዕድል አገኘ። ባለመሬቶቹ ደግሞ ፓርላማ ነበራቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ1349 በንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ትእዛዝ ነው። ደመወዝ ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት ወደነበረበት ይመለስ ተባለ። ከ60 ዓመት በታች የሆነ ጤነኛ ሰው፣ የሚተዳደርበት መሬት ወይም ሙያ ከሌለው፣ በዚያ ዋጋ ሥራ ሲቀርብለት እምቢ ማለት አይችልም። እምቢ ያለው እግሩን የሚያስገባበት ግንድ በየከተማው እንዲተከል በ1351ዱ ሕግ ታዘዘ። እኔን የሚገርመኝ ከግንዱ ይልቅ ሒሳቡ ነው። ከሠራተኛው የተሰበሰበው መቀጫ ለመንደሩ ግብር ማቅለያ እንዲውል ተፈቀደ፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ቢጠቁም የራሱ ግብር ይቀልለታል ማለት ነው። ይህን ያረቀቀ ሰው ሕግ በምን እንደሚሠራ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

እንዲያም ሆኖ ደመወዙ ከመውጣት አልቆመም። ራሳቸው ቀጣሪዎቹ፣ እህላቸው ከሚረግፍ ብለው፣ ምሳ እየጨመሩ፣ ልብስ እየሰጡ በጓሮ በር ከፈሉ። በ1381 ገበሬው ሲያምፅ፣ ቀደም ሲል ይህን ሕግ ካስፈጸሙት ዳኞች አንዱ የነበረው የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኛ ጆን ካቨንዲሽ አንገቱን ተቀላ።

ዛሬ መንግሥት በደመወዝ ይግባ አይግባ ብለን ስንከራከር፣ ሕግ ከዚህ ጉዳይ ርቆ የኖረና አሁን ገና እንዲገባ የሚለመን ይመስለናል። ሕግ ግን ከገባ ቆይቷል። መጀመሪያ የገባውም ጣሪያ ሊሠራ ነው፤ ጣሪያውንም የሠራው በድሃው ራስ ላይ ነው። ወለል የሚባለው ነገር የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው።

ከእንግሊዞቹ በፊትም ቢሆን ተሞክሯል። በእኛ ስንክሳር ሰማዕታትን በማሳደዱ የምናውቀው ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ለሮም ግዛት ባወጣው የዋጋ ዐዋጅ፣ የእርሻ ሠራተኛ ከነምግቡ በቀን 25 ዲናር፣ አናጢ 50 ዲናር እንዳያልፍ ወስኗል። ያለፈ በሞት ይቀጣል። ገንዘቡ ግን በየጊዜው እየረከሰ ስለነበር ዐዋጁ ብዙም አልቆየም።

በ1563 በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን እንግሊዞቹ ሥርዓቱን አሻሻሉት። ደመወዝ አንዴ ተቆርጦ የሚቀር መሆኑ ቀረና፣ የየአውራጃው ዳኞች በየዓመቱ ተሰብስበው የኑሮውን ውድነት እያዩ እንዲወስኑ ተደረገ። አሁንም ጣሪያ ነው፤ ቢሆንም የሚንቀሳቀስ ጣሪያ ነው። በ1604 ደግሞ አንድ ትንሽ ማሻሻያ ገባች፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይህችን የምታህል የለችም። ለሸማኔዎችና ለጨርቅ ሠራተኞች ዳኞቹ ከወሰኑት በታች የከፈለ ነጋዴ ይቀጣል ተባለ። ከዚያም ተጨመረ፦ ዳኛ የሆነ የጨርቅ ነጋዴ የጨርቅ ሠራተኛ ደመወዝ በሚወሰንበት ችሎት አይቀመጥም። ወለሉ በሕግ ሲጻፍ፣ ማን ወንበሩ ላይ እንደማይቀመጥም አብሮ ተጻፈ።

ሕጉ ከዚያ በኋላ ዳኞቹ ችላ እያሉት ደክሞ፣ የደመወዝ አንቀጾቹ በ1813 ተሻሩ። ከመሻሩ በፊት የዳቦ ዋጋ ሰማይ በነካበት በ1795 የበርክሻየር ዳኞች ሌላ መላ ዘየዱ። የሠራተኛው ደመወዝ ዳቦ ካልገዛለት ጉድለቱን አጥቢያው ከድሆች መርጃ ይሙላ አሉ። ቀጣሪው አነስተኛ ከፍሎ ቀሪውን ለሕዝብ መተው ለመደ፤ ሠራተኛው ሙሉ ቀን ሠርቶም ተመጽዋች ሆነ። በዚያው ዓመት ሳሙኤል ዊትብሬድ የተባለ የምክር ቤት አባል ዳኞች ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወስኑ የሚያስችል ረቂቅ አቀረበ፤ ወደቀ። እነዚያው ምክር ቤቶች ሠራተኞች ተደራጅተው ጭማሪ እንዳይጠይቁ የሚከለክል ሕግ በ1799 ለማውጣት አልተቸገሩም። መንግሥት በጌታና በሠራተኛ መካከል ሲገባ አማካሪዎቹ ጌቶቹ መሆናቸውን፣ የነፃ ገበያ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ እንኳ ታዝቦ ነበር።

ወለሉ ከዳር አገር ነው የመጣው። ኒው ዚላንድ በ1894 የግልግል ሕግ አወጣች፤ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ በ1896 የደመወዝ ቦርዶችን አቋቋመች። በ1907 የአውስትራሊያ ዳኛ ሂጊንስ፣ አንድ የማጨጃ መሣሪያ ፋብሪካ ባቀረበው ማመልከቻ ላይ፣ ለአንድ ተራ ሠራተኛና ለቤተሰቡ በቀን ከ7 ሺሊንግ ያነሰ አይበቃም ብሎ ፈረደ። ዳኛው ሒሳቡን የጀመረው ከኪራይ፣ ከዳቦና ከማገዶ ነው። ያ ሒሳብ ግን ሠራተኛ ሲል ወንድ ማለቱ ነበር፤ ለሴቷ የታሰበላት ከዚያ ያነሰ ነው።

እንግሊዝ በ1909 ተከተለች፤ በወጣቱ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል አቅራቢነት። ሕጉ አገር ምድሩን አላዳረሰም፤ ብዝበዛ የበዛባቸው ተብለው በተለዩ አራት ሥራዎች ነው የጀመረው። አንዱ ሰንሰለት ሥራ ነበር። በርሚንግሃም አጠገብ ክራድሊ ሂዝ በምትባል ከተማ ሴቶች ከቤታቸው ጓሮ ባለች ጠባብ ጎጆ ወናፍ እየነፉ፣ ብረት እያጋሉ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ሰንሰለት ይሠሩ ነበር፤ ሕፃናቱም እዚያው ፍሙ አጠገብ። ብረቱን የሚያመጣላቸውና ሥራውን የሚረከባቸው ደላላ ነው። ለ50 ምናምን ሰዓት ሥራ የሚያገኙት 5 ወይም 6 ሺሊንግ ነበር። አዲሱ ቦርድ በሰዓት 2 ፔኒ ተኩል ቆረጠላቸው፤ በ54 ሰዓት ሳምንት 11 ሺሊንግ ከ3 ፔኒ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሕጉ ውስጥ ግን አንዲት ቀዳዳ ነበረች። ሠራተኛዋ በፈቃዷ ከፈረመች ለስድስት ወር በድሮው ዋጋ መሥራት ትችላለች። ቀጣሪዎቹ ወረቀት ይዘው በየጓሮው ዞሩ። ብዙዎቹ ሴቶች ማንበብ ስለማይችሉ ምን ላይ እንደሆነ ሳያውቁ የመስቀል ምልክት አድርገው ፈረሙ። በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ሰንሰለት አከማችቶ፣ ሕጉ በሥራ ላይ ሲውል ሥራ የለም ማለት ይቻላል። በነሐሴ 1910 ሴቶቹ መዶሻቸውን አስቀመጡ። የሴት ሠራተኞች ማኅበር መሪዋ ሜሪ ማካርተር በስብሰባ፣ በጋዜጣ፣ ገና ብርቅ በነበረው ሲኒማ ሳይቀር ጉዳያቸውን ለአገር አሳየች። ከአድማ መቺዎቹ አንዷ ፔሸንስ ራውንድ 79 ዓመቷ ነበር። አሥር ሳምንት ቆይተው በጥቅምት የመጨረሻው ቀጣሪ ፈረመ። የተዋጣላቸው ገንዘብ ከአድማው ስለተረፈ በ1912 የሠራተኞች አዳራሽ ሠሩበት።

ወለልን ለሚደግፍም ለሚቃወምም ከብዙ የምጣኔ ሀብት ጥናት ይልቅ የክራድሊ ሂዝ ነገር ያስተምራል እላለሁ። ቦርዱ ባይኖር ሴቶቹ የሚጠይቁት ቁጥር አይኖራቸውም ነበር። አድማው ባይኖር ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

ጥናቱም ቢሆን አለ። የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ በ1992 ወለሏን ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ፣ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር ከጎረቤት ፔንሲልቬኒያ ጋር 410 ፈጣን ምግብ ቤቶችን አነጻጽረው የሥራ መቀነስ አላገኘንም አሉ። ሌሎች ተሟገቷቸው፤ ካርድ ግን በ2021 ኖቤል ተሸለመ። ጥናቱ መጠነኛ ወለል ሥራ እንደማያጠፋ ያሳያል፤ የፈለግነውን ቁጥር ብንጽፍ ምንም አይመጣም አይልም። የአሜሪካ ፌዴራል ወለል በ1938 በሰዓት በ25 ሳንቲም ሲጀመር የእርሻና የቤት ሠራተኞችን ወደ ውጭ ትቷል፤ በደቡቡ ክፍል እነዚህን ሥራዎች በብዛት የሚሠሩት ጥቁሮች ነበሩ። ከ2009 ወዲህ በ7.25 ዶላር ቆሟል። ዋሽንግተን ዲሲ ግን በ2025 የራሷን 17.95 አድርሳለች፤ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሚሠራ ወገናችን ወለሉ በዚያው ዓመት 12.41 ነበር።

ጣሪያውስ? ለባለጸጋው የሚሠራ ጣሪያ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ማንም መንግሥት ከልቡ አላሰበበትም። ሩዝቬልት በሚያዝያ 1942፣ ጦርነቱ እየነደደ፣ ማንም አሜሪካዊ ከግብር በኋላ በዓመት ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ሊኖረው አይገባም ብሎ ለምክር ቤቱ ጻፈ። ምክር ቤቱ ዝም ሲለው በጥቅምት በራሱ ትእዛዝ በደመወዝ ላይ ብቻ ሞከረው፤ በዓመቱ ምክር ቤቱ ሻረበት። በግብር በኩል የመጣው ግን ተዋጠ፤ በ1944 የላይኛው ገቢ ግብር 94 በመቶ ነበር። ስዊዘርላንዶች በ2013 ከፍተኛው ደመወዝ ከዝቅተኛው 12 እጥፍ አይብለጥ የሚል ሐሳብ በሕዝብ ድምፅ ጣሉ። በዓመቱ አገር አቀፍ ወለልንም ጣሉ፤ ጄኔቫ ግን በ2020 ለራሷ ተቀበለችው።

ወደ እኛ ስንመጣ ሁለቱም አሉን፤ ለመንግሥት ሠራተኛ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተጀመረው ስኬል ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ነው። ከዚያ በፊት 4,760 እና 21,492 ነበር። አራት እጥፍ ተኩል የነበረው ርቀት ስድስት እጥፍ ተኩል ሆነ ማለት ነው። ስዊዞች የጣሉት አሥራ ሁለት እጥፍ ከእኛ ቢሮ አንጻር ሰፊ ሜዳ ነው። ይህ ጠባብ ጣሪያ ፍትሕ ይመስላል፤ ቢሮ የሠራ ሁሉ ግን የጓሮ በሩን ያውቀዋል። ደመወዙ ያልበቃው ኃላፊ ስብሰባውን ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ያደርገዋል፤ አበሉ፣ መኪናው፣ ነዳጁ፣ ቤቱ ስኬሉ ላይ አይታዩም። የ1351ዎቹ ባለመሬቶች በምሳና በልብስ ይከፍሉ እንደነበረው መሆኑ ነው።

የግል ሠራተኛው ወለልም ጣሪያም የለውም። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. አጠቃላይ አድማ ሲመታ ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ዓመታት አልፈው፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትገባ ልጅ ዛሬም ይህን ያህል ይገባኛል ብላ የምትጠራው ቁጥር የላትም። በአውሮፓውያን 2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያገኙት መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን ሁሉ ይቀይሩ እንደነበርም ጽፈዋል። ልጅቷ ከገጠር ትመጣለች፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይታ ትኖራለች፣ እጇ ሥራውን ሲለምድ ትሄዳለች። ርካሽ ጉልበት አለን ብሎ ባለሀብት የጠራ አገር፣ ባለሀብቱ በየወሩ አዲስ ሰው ሲያሠለጥን የሚያወጣውን ወጪ ማስታወቂያው ላይ አላሰፈረም። ወለል ቢቆረጥ ባለሀብቱ ይሸሻል የሚለው ስጋት ባዶ አይደለም፤ ግን ኬንያ ወለል እያላት ልብስ ወደ አሜሪካ መላኳን አላቆመችም።

እኔ ወለሉን እደግፋለሁ፤ ዐዋጅ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ግን አልፈልግም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው፣ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር በዓመቱ ምን እንደሚሆን አይጠፋውም። እንደ 1563ቱ ዳኞች በየዓመቱ የሚሰበሰብ ቦርድ፣ እንደ 1604ቱ ሕግ ጥቅም ያለውን ከወንበሩ የሚያስነሣ ደንብ ይሻላል። እዚህ ላይ መንግሥትም ይመለከተዋል፤ ፓርኮቹን የሚያከራየው እሱ ነው፣ ባለሀብት የሚጋብዘውም እሱ ነው። ገለልተኛ ነኝ ብሎ መሐል ላይ ሊቀመጥ አይችልም።

ጣሪያን በተመለከተ በቁጥር የሚቆረጠው ዕድሜ እንደሌለው ታሪኩ ይነግረናል። የሚሻለው ላይኛውን ከታችኛው ጋር ማሰር ነው፤ አንዱ ካልወጣ ሌላው እንዳይወጣ። እስራኤል በ2016 ለባንክና ለኢንሹራንስ ኃላፊዎች ያወጣችው ሕግ በዓመት ከ2.5 ሚሊዮን ሼቄል በላይ የሚከፈለውን ልዩ ፈቃድ አስፈለገው፤ ከዚያም አልፎ የሥራ አስኪያጁ ክፍያ በዚያው ድርጅት ዝቅተኛው ከሚያገኘው 35 እጥፍ እንዳያልፍ አሠረው። ዝቅተኛው ሲባል በኮንትራክተር በኩል የመጣው የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛም ይቆጠራል። በዚያ አገር ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱ የእኛው ልጆችም አሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሸን ጥበቃ ደመወዙን የሚቀበለው ከኤጀንሲ ነው። ባንኩ ለኤጀንሲው በነፍስ ወከፍ የሚከፍለው አንድ ቁጥር፣ ለጥበቃው የሚደርሰው ሌላ ቁጥር ነው፤ መሐል ያለውን ሁለቱም አይነግሩትም። እንግሊዞች በአራት ሥራ እንደጀመሩት የእኛም ቦርድ በሁለት ቢጀምር፣ ጥበቃና ጽዳት የተሻለ መነሻ ናቸው። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽም ይህ ሰው የባንኩ ነው የኤጀንሲው የሚለውን ይመልስ።