የእጅ ሥራ ትምህርት በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል

በ2015 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛንና ስምንተኛን ክፍል ነጥሎ መካከለኛ ደረጃ ሲያደርጋቸው፣ በዚሁ ደረጃ ለሚገኙት ልጆች ስለ ሙያና ስለ ቴክኒክ የሚያስተምር ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ጨመረላቸው። ነገሩ ለብዙ ወላጆች አዲስ መስሎ ታይቷል። ነገር ግን የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከእርሳሱ ጎን መዶሻም ይያዝ የሚለው ሐሳብ በዚህ አገር ሲነሣ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በንጉሠ ነገሥቱም ዘመን፣ በደርግም ዘመን ተነሥቶ፣ ተሞክሮ፣ ተትቷል። ስለዚህ ታሪኩን የሚመረምር ሰው ሊጠይቀው የሚገባው ሐሳቡ ለምን መጣ ብሎ ሳይሆን፣ በመጣ ቁጥር ለምን ሥር ሳይሰድ ቀረ ብሎ ነው።

ከዘመናዊው ትምህርት በፊት በኢትዮጵያ ቀለምና ሙያ የሚገናኙበት በር እጅግ ጠባብ ነበር። ፊደል የሚቆጠረውና ዳዊት የሚደገመው በቄስ ትምህርት ቤት ነው። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸማ መሥራት፣ ቆዳ ማልፋትና ሸክላ መሥራት ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ የሚወርድ የቤተሰብ ርስት ነበር። ርስት ይባል እንጂ የሚያስከብር ርስት አልነበረም። አንጥረኛው ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ይሰደብ፣ ቡዳ ነው ተብሎም ይፈራ ነበር። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራለትን ሰው ከማዕዱ ያርቀው ነበር። ብራና መዳመጥንና ሥዕል መሳልን የመሰሉ፣ ከቤተ ክህነት ጋር የተያያዙ ሙያዎች ብቻ ከዚህ ነቀፋ ለመዳን በቅተዋል።

ይህን አጥር ለመጣስ ከሞከሩት መካከል ዐፄ ቴዎድሮስ በቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ባለ እጆችን አስፍረው፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከእነርሱ ጎን ሆነው የብረት ሥራ እንዲማሩ አዘዙ። ከዚያ የወጣውና በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሺሕ ሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል 7 ቶን ያህል ይመዝናል። መድፉ ዛሬም አለ፤ ትምህርት ቤቱ ግን የለም። ንጉሡ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሲሞቱ አስተማሪዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ፤ ጋፋትም ባዶ ቀረች። ሙያ በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ሲመሠረት ዕድሜው የዚያን ሰው ያህል መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ ከልክለዋል። ይሁን እንጂ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የከፈቱት የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከሁሉ አስቀድሞ የቋንቋ ትምህርት ቤት ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። መንግሥቱ በዚያን ጊዜ ፈጥኖ የሚፈልገው ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚነጋገር አስተርጓሚ፣ በጉምሩክና በባቡር ጣቢያ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነበር። የተማረ ሰው ማለት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚለው አስተያየት ሥር የሰደደው ከዚህ ዘመን ጀምሮ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። አሮጌው ንቀት አንጥረኛውን አራቀ፤ አዲሱ ትምህርት ደግሞ ጸሐፊውን አከበረ። ሁለቱ ተደጋግፈው አንድ ግድግዳ ሆኑ።

ከጠላት ወረራ በኋላ አገሪቱ ሙያተኛ ያስፈለጋት በአንድ ጊዜ ነበር። ጣልያኖች መንገድ፣ የጭነት መኪናና ጋራዥ ትተው ሲሄዱ እነዚህን የሚጠግን እጅ መፈለግ ግድ ሆነ። የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም.፣ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም በማግሥቱ ዓመት የተቋቋሙት በዚህ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ዛሬ በየጋራዡና በየብረት ቤቱ የሚሰሙት ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ቶርኖ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ የተባሉት ቃላት ሁሉ የጣልያን ቃላት ናቸው። የገቡትም በመማሪያ መጽሐፍ ሳይሆን፣ ጌታውን እያየ በሚማር ረዳት ጆሮና አንደበት ነው። የኢትዮጵያ የመካኒክነት ሙያ ሰፊው ክፍል የተላለፈው ከትምህርት ቤት ውጭ፣ ያለ ሰሌዳና ያለ ፈተና መሆኑን ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል።

ተግባረ ዕድ ብዙ ብርቱ ሙያተኞችን አፍርቷል። ሆኖም እርሱን የመሰሉት ትምህርት ቤቶች ለተመረጡ ጥቂቶች የቆሙ እንጂ ለልጅ ሁሉ የተዘረጉ አልነበሩም። ነገሩን ወደ መደበኛው ትምህርት ያቀረበው በ1956 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የስድስት፣ የሁለትና የአራት ዓመት አከፋፈል ነው። በዚህ መሠረት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተብለው ለብቻቸው ሲቆሙ፣ ለወንዶቹ የእጅ ሥራ፣ ለሴቶቹ የባልትና ትምህርት ታሰበላቸው። ወንዱ መጋዝና መላጊያ፣ ሴቷ መርፌና ምድጃ እንዲይዙ መለየቱ ያን ጊዜ ማንንም አላስደነቀም፤ ዛሬ ግን ከክፍሉ ገሚስ ያህሉን ከብረትና ከእንጨት ሥራ ያራቀ አከፋፈል እንደ ነበረ ልብ ሊባል ይገባል።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ መልካም ነበር። በተግባር ግን ሦስት ችግሮች ገጠሙት። አንደኛው የመሣሪያና የአስተማሪ እጥረት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ሁለተኛው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው። ሕዝቡ ሚኒስትሪ እያለ የሚጠራው ይህ ፈተና የልጁን ዕድል የሚቆርጥ ስለ ነበር፣ አስተማሪውም ተማሪውም ወላጁም ዓይናቸውን ያሳረፉት በቋንቋ፣ በሒሳብና በሳይንስ ላይ ሆነ። በወረቀት የማይፈተን ነገር ጊዜ ሲያጥር በመጀመሪያ የሚቀር ነገር ነው። ሦስተኛው ብዙ ያልተነገረለት ቢሆንም ከሁሉ የሚያስቆጨው ነው። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረው ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ በአንድ ቀን ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበት ነበር። ቃሉን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ቦታ ቢኖር የሥራ ክፍሉ ነበር፤ ሚሊሜትር ምን እንደ ሆነ በማስመሪያና በላሜራ ላይ ያየ ልጅ ቃሉን አይረሳውም። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር በሰሌዳ ላይ እየተጻፈ በደብተር ላይ ይገለበጥ ስለ ነበር፣ ልጁ መላጊያን ሳይነካ የመላጊያን ክፍሎች ስም በእንግሊዝኛ ሸምድዶ የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም።

ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ ሥር ባለው ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር ብድር የትምህርት ቤቶች ግንባታ ሲስፋፋ፣ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በተባሉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ የእንጨት፣ የብረትና የኤሌክትሪክ ሥራ ክፍሎች ተሠርተዋል። ትኩረቱ ግን ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ላሉት ነበር። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ነው የታሪኩ ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው።

በ1964 ዓ.ም. መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ከሥር እስከ ጫፍ የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ጥናት አስጀመረ። ሕዝቡ ሴክተር ሪቪው እያለ የሚያስታውሰው ነው። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ተሰብስበው ያገኙት ነገር ሐሰት አልነበረም። ትምህርቱ በከተማ ተወስኖ የገበሬውን ልጅ አልደረሰውም፤ የደረሰውም ለቢሮ ሥራ እንጂ ለሌላ አያዘጋጅም፤ የቢሮው ሥራ ደግሞ እየሞላ ሄዷል። ስለዚህ ጥናቱ ልጆች ሁሉ የሚያገኙት የአራት ዓመት መነሻ ትምህርት እንዲኖር፣ ይህም ከግብርና፣ ከጤናና ከእጅ ሙያ ጋር እንዲያያዝ፣ ከዚያ በላይ የሚቀጥሉት ግን በቁጥር እንዲወሰኑ ሐሳብ አቀረበ። በአራት ዓመት ለሚያበቁትም ሆነ ጨርሶ ትምህርት ላላገኙት በየአካባቢው የሙያ መማሪያ ጣቢያ እንዲቋቋምላቸው አሳሰበ።

በሒሳብ ረገድ ሲታይ ነገሩ የሚያስኬድ ነበር። የነበረው ገንዘብ ለሁሉም ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሊያስተምር አይችልም ነበር። በወላጁ ጆሮ የገባው ግን ሌላ ነው። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ ገበሬ፣ ጠላ ሸጣ ደብተር የምትገዛ እናት፣ ልጃቸው በአራተኛ ክፍል ወደ ዶማ ሊመለስ፣ የባለ ጸጋው ልጅ ግን እስከ ዩኒቨርሲቲ ሊቀጥል ነው ብለው ተረዱት። መምህራኑም በደመወዛቸውና በኑሯቸው ላይ ያላቸው ቅሬታ ሲታከልበት፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። በነዳጅ ዋጋ የተቈጡት የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎችም በዚያው ቀን ቆሙ። በቀናት ውስጥ መንግሥት የጥናቱን አፈጻጸም ማዘግየቱን ቢያስታውቅም፣ የካቲት 20 ቀን የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። አንድ የሥርዓተ ትምህርት ሰነድ መንግሥትን ብቻውን ጣለ ማለት ማጋነን ይሆናል። በአብዮቱ ዋዜማ ሕዝቡን ካንቀሳቀሱት ምክንያቶች አንዱ ግን የልጆች የእጅ ሙያ ትምህርት ጉዳይ መሆኑ የማይካድ ነው።

እዚህ ላይ ጥናቱን ያቀረቡትንም የተቃወሙትንም መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነበራቸው። ስሕተቱ ያለው የሙያ ትምህርቱን ከተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። የእጅ ሥራ ለሁሉም ልጅ የትምህርቱ አንድ ክፍል ሆኖ አልቀረበም፤ ትምህርቱ ለሚቋረጥበት ልጅ እንደ ማካካሻ ቀረበ። እንዲህ ሆኖ ሲቀርብ አሮጌው የጠይብነት ነቀፋ በመንግሥት ማኅተም የታደሰ ሆነ። የባለ ሥልጣኑ ልጅም በሰባተኛ ክፍል ብረት እንዲሞርድ ታዝዞ ቢሆን ኖሮ የወላጁ አስተያየት ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ደርግ ይህን የተገነዘበ መስሎ ነበር። ትምህርት ለምርት የሚለው መፈክር በየትምህርት ቤቱ ተሰቀለ፤ የትምህርት ቤት ጓሮ ታረሰ፤ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍልም የግብርና፣ የባልትናና የእጅ ሙያ ትምህርቶች ተሰጡ። ከምሥራቅ ጀርመን በተቀሰመው ልምድ አጠቃላይ ፖሊቴክኒክ ትምህርት የተባለው ሥርዓት በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተሞከረ። በዚህ ሐሳብ መሠረት ሙያ ለድኃ ልጅ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ተማሪ የሚሰጥ ነበር፤ በዚህም ከቀደመው ይሻላል። ዳሩ ግን በጀቱን ጦርነት ይበላው ነበር። በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር፣ በአንድ ክፍል ከመጠን ያለፈ ተማሪ ያጨቀ ትምህርት ቤት የሥራ ክፍል የሚያደራጅበት አቅም አልነበረውም። ምርታማ ሥራ የተባለውም በብዙ ቦታ ልጆች ሣር የሚያጭዱበትና ድንጋይ የሚለቅሙበት ሰዓት ሆኖ ቀረ። ጉልበት ማውጣትና ሙያ መማር አንድ አይደሉም፤ ድንጋይ የለቀመ ልጅ የተማረው ድካምን ብቻ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያውን ደረጃ ስምንት ዓመት አድርጎ ሰባተኛንና ስምንተኛን በውስጡ ሲያጠቃልል፣ ቴክኒክና ሙያን ከዚህ ደረጃ በላይ ለብቻው በሚሄድ መስመር አቆመው። በኋላም ይህ መስመር በተለይ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ያለ ሆነ። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተሰጠባቸው ዓመታት ከፍተኛ ውጤት ያገኘው ወደ መሰናዶ፣ ዝቅ ያለው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመደብ ነበር። የማሠልጠኛዎቹ ቁጥር እጅግ መጨመሩ አይካድም። ነገር ግን በወላጅ ዓይን ወደ ሙያ መሄድ ፈተና የመውደቅ ሌላ ስሙ ሆነ። የ1966ቱ ሥጋት በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ለምሕንድስና ሙያም ይህ ጉዳይ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ መሐንዲስ የሞገድንና የውጥረትን ስሌት ያውቃል፤ ሆኖም ብዙው ተማሪ ሞረድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው በሃያ ዓመቱ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያህል እንደ ሆነ ጣቱ አያውቀውም፤ ንድፉ ላይ የጻፈውን ልክ ብረት ቤቱ ሊያወጣው ይችል እንደ ሆነ አያመዛዝንም። ከባለሙያው ጋር ሲነጋገርም አንዱ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በጋራዥ ጣልያንኛ ይናገራሉ። ይህ የልክ ስሜት በልጅነት ካልተዘራ በኋላ በመጽሐፍ አይገኝም።

አዲሱ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ከቀደሙት የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ የትምህርቱ ዓይነት የተሰጠው ለሚያልፈውም ለሚወድቀውም፣ ለወንዱም ለሴቷም ነው። የሚቀረው ሒሳብ ግን ቀላል አይደለም። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች፣ በሥራ ክፍሉ 4 ሞርሳዎች ቢኖሩ፣ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሚያደርሰው ከ3 ደቂቃ ያነሰ ነው። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ቢሰጥ፣ ሞርሳውም 10 ቢሆንና ልጆቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ቢፈራረቁ፣ እያንዳንዱ ልጅ 26 ደቂቃ ያህል ያገኛል፤ በ26 ደቂቃ ደግሞ የአንዲት አነስተኛ ላሜራ ጠርዝ በስኳድራ እየተለካ ሊስተካከል ይችላል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት 10 ሞርሳ መግዛት የማይቻል ከሆነ፣ በአቅራቢያ ያለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሥራ ክፍል በሳምንት አንድ ቀን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ሊከፈት ይችላል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ መጽሐፉ ብቻ ከተሰጠ፣ ልጁ በ1956 ዓ.ም. እንደ ነበረው የመሣሪያዎቹን ስም በደብተሩ ላይ ይገለብጣል።