አንድን ድምፅ ማባዛትና ብዙ ድምፆችን ማሰባሰብ

ብዙ ድምፅ በአንድነት እንዲሰማ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተለያዩ ሰዎችን ማሰባሰብ ነው፤ ሁለተኛው አንድን ድምፅ በመሣሪያ ማባዛት። ኪቦርድ በየመዘምራኑ ከገባ ወዲህ ሁለቱ መንገዶች ይምታቱብናል። የሀገራችን የሙዚቃ ታሪክ ግን ሁለቱንም ለይቶ ያሳየናልና ወጣቶች ሆይ፣ እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመልከት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በ1959 ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮሎምቢያና ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ይሠሩ ነበር። በዘመኑ የነበሩትን ትልልቅ የድምፅ ማሽኖች የሚያውቁ ሰው ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምሩ አዲስ አበባ መጡ። እዚህ በ1963 ያቋቋሙት ግን የማሽን ክፍል አልነበረም። የክራር፣ የመሰንቆ፣ የዋሽንት፣ የበገናና የከበሮ ተጫዋቾችን አሰባስበው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። በገናን የመሰለ ለብቻው ሲደረደር የኖረ መሣሪያ ከሌሎቹ ጎን ተቀመጠ። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ድምፅ ይዞ መጣ፤ የሌላውንም ማዳመጥ ግድ ሆነበት።

ሁለተኛው መንገድ ከስደት ጋር የተያያዘ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዘው እዚያው ቀሩ። በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሲቀዱ ባንዱ አብሯቸው አልነበረም። ስለዚህ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና ያማሃ ዲኤክስ 7ን ራሳቸው ተጫውተው አንዱን በሌላው ላይ እየደረቡ ቀዱ።

በእነዚያ መሣሪያዎች ውስጥም ሌላ ታሪክ አለ። በ1970 የወጣው ሚኒሙግ ስንት ቁልፍ ቢጫኑት በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ኖታ ብቻ ነበር። በ1978 የወጣው ፕሮፌት 5 አምስት፣ በ1983 የወጣው ዲኤክስ 7 ደግሞ 16 ኖታ በአንድ ጊዜ ማሰማት ቻሉ። በፕሮፌት 5 ውስጥ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር የተጫነው ቁልፍ ለየትኛው ድምፅ እንደሚሰጥ ታከፋፍላለች። የባለብዙ ድምፅ ሲንተሳይዘር ምሥጢር ይህ ማከፋፈል ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሚለር ፓኬት የተባሉ ምሁር ፓሪስ በሚገኘው ኢርካም የምርምር ተቋም ማክስ የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። በ1996 ደግሞ ፒዩር ዳታን በነፃ አቀረቡ። በዚህ ፕሮግራም መሣሪያ የሚሠራው ስክሪን ላይ ሣጥኖችን በመስመር በማገናኘት ነው። ዛሬ አረቅጥ ላፕቶፕ ያለው ወጣት አውርዶ ያንን ማከፋፈል በራሱ እጅ መሥራት ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ይሠራል፦ ድምፁን የሚያመነጭ ሣጥን፣ ከዚያም መነሻውንና መጥፊያውን የሚወስን ሌላ ሣጥን። ቀጥሎ «ክሎን» የተባለው ሣጥን ያንኑ ድምፅ፣ ስምንት ቢሉት ስምንት ጊዜ ይገለብጣል። «ፖሊ» የተባለው ደግሞ ለተጫነው ቁልፍ ሁሉ ነፃ የሆነ ድምፅ ይመድባል፤ ጣት ሲነሣም የትኛው ድምፅ መዘጋት እንዳለበት ያስታውሳል። ስምንቱም ተይዘው ዘጠነኛ ቁልፍ ቢመጣ፣ እንዳዘዝነው ወይ አዲሱን ይተወዋል ወይ ቀድሞ የገባውን አስወጥቶ ቦታውን ይሰጠዋል። በመጨረሻም የስምንቱ ድምር ከልክ አልፎ እንዳይሻክር መጠኑ ይቀነሳል።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ሣጥኑ የገለበጣቸው ስምንቱ ድምፆች አንድ ዓይነት ናቸው። ልዩነት ካስፈለገ ሠሪው ማስገባት አለበት፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ቁጥር ስለሚደርሰው ይህ ይቻላል። ቅኝቱም እንዲሁ ነው። ኪቦርዱ እኩል በተከፈሉ 12 እርከኖች ተቃኝቶ ይመጣል፤ ክራርና መሰንቆ ግን በጆሮ ይቃኛሉ። በፒዩር ዳታ የእያንዳንዱን ኖታ ንዝረት በቁጥር መወሰን ስለሚቻል አንቺሆዬን ከአንድ መሰንቆ ተጫዋች ጋር ተቀምጦ፣ እርሱ እንደሚሰማው አድርጎ መቃኘት ይቻላል።

ለዚህ ግን መጀመሪያ መሰንቆ ተጫዋቹ መኖር አለበት። ኃይሉ መርጊያ ድምፅ የደረቡት ባንድ በሌለበት ነው። እኛ ዘንድ ግን ክራር የሚችለው ወንድም፣ ከበሮ የምትመታው እኅት አጠገባችን ተቀምጠው አንድ ኪቦርድ የሁሉንም ቦታ ሲይዝ እናያለን። በኪቦርዱ ውስጥ «ክራር» የሚል ቁልፍ አለና ክራሩ የማያስፈልግ ይመስለናል። ቁልፉ የሚሰጠን ድምፁን ነው፤ ዘማሪዋ ስትዘገይ አብሮ የሚዘገየውን፣ ስትደክም የሚያግዛትን ሰው አይሰጠንም።

ስለዚህ መሣሪያውን ተማሩት፣ ሥሩት። ስምንት ድምፅ ማሰማት ስትችሉም ኤል ዳብህ ማሽኑን እያወቁ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ የፈለጉት ተጫዋቾችን እንደ ነበር አስቡ። በመጪው ልምምድ ክራሩን ከግድግዳው አውርዱት፤ ኪቦርዱን ለእርሱ ቃኙት እንጂ እርሱን ለኪቦርዱ አትቃኙት።