የኦዴሳ ታላቅ ደረጃ፤ ታሪኩና በሕዝብ ትዝታ ያገኘው ስፍራ

በጥቁር ባሕር ዳር፥ በዩክሬይን አገር፥ የኦዴሳ ከተማ ከገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣ ወደብዋን ቍልቍል ትመለከታለች። ከተማዪቱን ከወደቡ ጋር የሚያገናኘው፥ 192 እርከን ያለው የድንጋይ ደረጃ በዓለም እጅግ ከታወቁት ደረጃዎች አንዱ ነው። የታወቀበት ምክንያት ግን የአሠራሩ ውበት ብቻ አይደለም። ኦዴሳን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች የዚህ ደረጃ ስም ሲነሣ ወዲያው የሚታሰባቸው በላዩ የፈሰሰው የንጹሓን ደም ነው። ይሁን እንጂ ያ ደም፥ ሰዎች በሚያስቡት አኳኋን፥ በዚያ ደረጃ ላይ አልፈሰሰም። ስለዚህ ደረጃው ሁለት ታሪክ አለው ማለት ይቻላል፤ አንደኛው በድንጋይ የተሠራው፥ ሁለተኛው በሰው ልቡና ውስጥ የተሠራው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ኦዴሳ በሩስያ ንግሥተ ነገሥታት በዳግማዊት ካትሪን ትእዛዝ በ1794 የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከ1803 እስከ 1814 ድረስ ያስተዳደራት ዱክ ደ ሪሸልዮ የተባለው ፈረንሳዊ መኰንን ሲሆን፥ በ1828 የቆመለት የነሐስ ሐውልት ዛሬ ከደረጃው ራስ ላይ ይገኛል። በዚያን ዘመን ከከተማው ወደ ባሕሩ የሚወርድ ሰው የሚሄደው በጠመዝማዛ ቀጭን መንገድና በእንጨት መወጣጫ ነበር። የስንዴ ንግድ እያደገ፥ የመርከቡም ቍጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ ይህ ለከተማዪቱ ክብርም ለሥራም የማይበቃ ሆነ። በአገረ ገዢው በቮሮንትሶቭ ዘመን፥ ከ1837 እስከ 1841፥ ፍራንቼስኮ ቦፎ የተባለው የኢጣልያ ተወላጅ ባወጣው ፕላን መሠረት ታላቁ ደረጃ ተሠራ። ድንጋዩ ከትሪየስቴ በመርከብ የመጣ የአሸዋ ድንጋይ ነበር፤ ይህም በጊዜ ብዛት ስለ ተበላ በ1933 በግራኒት ተተካ። እርከኖቹ በመጀመሪያ 200 ነበሩ፤ ወደቡ በተስፋፋ ጊዜ 8ቱ ከአፈር በታች ቀርተዋል።

የቦፎ ብልኀት የሚታወቀው በልኩ ነው። ደረጃው ከታች በኩል 21.7 ሜትር ስፋት ሲኖረው ከላይ በኩል ግን 12.5 ሜትር ብቻ ነው፤ ከፍታው 27 ሜትር፥ ርዝመቱ 142 ሜትር ነው። ወደ ላይ በሄደ መጠን እየጠበበ ስለሚሄድ፥ ከታች ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ከእውነተኛው ልክ ይልቅ የረዘመ ይመስላል። ከዚህም ሌላ በእርከኖቹ መካከል 10 ሰፋፊ ማረፊያዎች አሉ። ከላይ ሆኖ ቍልቍል የሚያይ ሰው ማረፊያዎቹን ብቻ እንጂ እርከኖቹን አያይም፤ ከታች ሆኖ ሽቅብ የሚያይ ደግሞ እርከኖቹን ብቻ እንጂ ማረፊያዎቹን አያይም። በላይ ላለው መንገዱ የተደላደለ ሜዳ፥ በታች ላለው የማያልቅ ዳገት ሆኖ ይታያል። ይህ የዓይን ማታለያ ከ80 ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ እንደሚውል የገመተ አልነበረም።

በ1905 ሩስያ በጃፓን ጦር ተሸንፋ፥ ሕዝቡም በመንግሥቱ ላይ ተነሥቶ ሳለ፥ ፖቴምኪን በተባለው የጦር መርከብ ላይ ዐመፅ ተነሣ። ምክንያት የሆነው ትል ያፈራ ሥጋ ለመርከበኞቹ ምግብ መቅረቡ ነው። ሰኔ 27 ቀን መርከበኞቹ አለቆቻቸውን ገድለውና አስረው መርከቡን ያዙ፤ በዚሁ ግጭት ቫኩሌንቹክ የተባለው መርከበኛ ሞተ። መርከቡ ወደ ኦዴሳ መጥቶ በማግስቱ ሬሳው በወደቡ ላይ በተዘረጋ ጊዜ፥ አስቀድሞ የሥራ ማቆም አድማ ላይ የነበረው የከተማው ሕዝብ በሺሕ እየሆነ ሊያየው ወረደ። በዚያው ሌሊት የወደቡ መጋዘኖች ተዘረፉ፥ እሳትም ተነሣ። ወታደሮች ከወደቡ የሚያስወጡትን መንገዶች ዘግተው ተኰሱ፤ ከእሳቱና ከጥይቱ መካከል ብዙ ሰዎች አለቁ። መርከቡም ተሰድዶ በመጨረሻ በሩማንያ ወደብ እጁን ሰጠ።

ከ20 ዓመት በኋላ የሶቪየት መንግሥት የ1905ን ዐመፅ መታሰቢያ ሲያከብር፥ ሰርጌይ አይዘንሽታይን የተባለው የ27 ዓመት ወጣት የዚያን ዓመት ታሪክ በፊልም እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። በመጀመሪያው ዕቅድ የፖቴምኪን ነገር ከብዙዎቹ ክፍሎች አንዱ ብቻ ነበር። አዘጋጁ ወደ ኦዴሳ በሄደ ጊዜ ግን ደረጃውን አየ፤ በደረጃው ላይ የሚፈጸመውንም ጭፍጨፋ የወለደው ያ ቦታ ራሱ እንደ ሆነ በኋላ ጽፎአል። ፊልሙ በታኅሣሥ 1925 በሞስኮ በቦልሾይ ቴያትር ታየ።

በፊልሙ ውስጥ ነጭ ልብስ የለበሱ ወታደሮች በሰልፍ ሆነው፥ ፊታቸው ሳይታይ፥ ጫማቸውና ጥላቸው ብቻ እየታየ፥ ሕዝቡን ከላይ ወደ ታች እየተኰሱ ይነዳሉ። አንዲት እናት የተመታ ልጅዋን ታቅፋ ሕዝቡ ወደሚሸሽበት ሳይሆን ወደ ወታደሮቹ ሽቅብ ትወጣለች። ሌላዋ እናት ስትወድቅ ልጅዋ ያለበት ጋሪ ብቻውን በእርከኖቹ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። በእውነቱ ያን ደረጃ ሮጦ ለመውረድ ጥቂት ጊዜ ይበቃል፤ አይዘንሽታይን ግን ሥዕሎቹን እየቈራረጠና እየደጋገመ ስለ ቀጠላቸው፥ ደረጃው መጨረሻ የሌለው ሆኖ ይታያል። ቦፎ በድንጋይ የጀመረውን ማታለያ እርሱ በፊልም ፈጸመው።

ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚያስረዱት፥ በቀን ብርሃን በደረጃው ላይ የተደረገ እንዲህ ያለ ጭፍጨፋ አልነበረም። የእውነተኛው እልቂት ቦታ ወደቡ፥ ጊዜውም ሌሊት ነበር። እንዲሁም መርከቡ በከተማዪቱ ላይ የተኰሳቸው ጥይቶች ዒላማቸውን ስተው ሲወድቁ፥ በፊልሙ ግን ዒላማቸውን ይመታሉ። በዚያው ስፍራ ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚነሣ የሚመስለው የድንጋይ አንበሳ የኦዴሳ አይደለም፤ በአሉፕካ፥ በክሪሚያ፥ ደረጃው በተሠራበት ዘመን ገዢ የነበረው ቮሮንትሶቭ ባሠራው ቤተ መንግሥት የሚገኙ የሦስት አንበሶች ምስል ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ የተቀበለው የአርቲስቱን ቃል ነው። መንግሥታትም የፊልሙን ኀይል ፈርተው ነበር፤ በእንግሊዝ አገር እስከ 1954 ድረስ ለሕዝብ እንዳይታይ ተከልክሎ ቈይቶአል። በ1955 ዐመፁ 50 ዓመት በሞላው ጊዜ ደረጃው በይፋ «የፖቴምኪን ደረጃ» ተባለ። ዩክሬይን ነጻ ከወጣች በኋላ ሌላ ስም ቢሰጠውም፥ በሕዝቡ አፍ የቀረው የመርከቡ ስም ነው። በ1957 ፍራንሲስ ቤከን የተባለው ሠዓሊ በደረጃው ላይ መነጽርዋ ተሰብሮ የምትጮኸውን ሴት መነሻ አድርጎ ሥዕል ሠራ፤ በ1958 ብሩክሴል ላይ የተሰበሰቡት የሲኒማ ዐዋቂዎች ድምፅ ፊልሙን ከሁሉ በላይ አስቀመጠው። በ1987 ብራያን ደ ፓልማ ባዘጋጀው የአሜሪካ ፊልም ጋሪው በቺካጎ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ተንከባለለ፤ በዚሁ ዓመት ዝቢግኒየቭ ሪብቺንስኪ የተባለው ፖላንዳዊ አሜሪካውያን አገር ጐብኚዎችን ከጭፍጨፋው መካከል ሲዘዋወሩ አሳየ። ከዚያም በኋላ ጋሪው መሣቂያ እስኪሆን ድረስ በአስቂኝ ፊልሞች ሳይቀር ተደገመ።

በዚህ ሁሉ መካከል ግን የተረሱ ሰዎች አሉ። በሰኔ 1905 ሌሊት በወደቡ የሞቱት መልካቸውን የሚያሳይ ሥዕል አልተሳለላቸውም። በጨለማ ስለ ሞቱም ያያቸው የለም። በፊልም ላይ የወደቁት ተዋንያን ግን ተነሥተው ወደ ቤታቸው ቢሄዱም፥ ዓለም እስከ ዛሬ ሲያለቅስላቸው ይኖራል። በአንድ በኩል ፊልሙ ባይኖር የዚያ ወር እልቂት ከሩስያ ውጭ እንዲህ በሰፊው ባልታወሰ ነበር፤ በሌላ በኩል ደግሞ ፊልሙ ያን እልቂት ከቦታው ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው። አርቲስቱ የግፉን ባሕርይ እውነት አድርጎ ሲናገር፥ የግፉን ቦታ ግን አሳስቶአል።

ባሕልንና ትውፊትን የሚመረምር ሰው ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በየአገሩ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ እያመለከተ «ነገሩ የሆነው እዚህ ላይ ነው» ሲል፥ መርማሪው «ሐሰት ነው» ብሎ ሊተወው አይገባም፤ እንዲያው ተቀብሎም እንደ ድርጊት ሊጽፈው አይገባም። መጠየቅ የሚገባው፥ ቃሉ ከመቼ ጀምሮ፥ በማን አፍ፥ በምንስ ምክንያት በዚያ ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። ስለ ኦዴሳ ደረጃ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስችለው የፊልሙ ዓመት፥ የአዘጋጁም ስም የታወቀ መሆኑ ነው፤ ለብዙ ሌሎች ትውፊቶች ይህ ዕድል የለም።

በ2022 ሩስያ በዩክሬይን ላይ ጦርነት በከፈተች ጊዜ የኦዴሳ ሰዎች የሪሸልዮን ሐውልት እስከ አንገቱ በአሸዋ ከረጢት ከበቡት። በጥር 2023 ዩኔስኮ የከተማዪቱን ጥንታዊ ክፍል በአደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። ከደረጃው ራስ ላይ ስለ ሌላ ዘመን የሚነገር ሌላ ትዝታ ተጨመረበት ማለት ነው። የወደፊቱ ታሪክ ጸሓፊም በዚያ ስፍራ በእርግጥ የሆነውን፥ በኋላ ከሚዘፈነውና በፊልም ከሚታየው መለየት ግዴታ ይሆንበታል።