ሾፌር አልባ መኪና ከሞጣ በቅሎ ምን ይማራል?

ከሞጣ ገበያ ወደ ገጠር የሚመለስ ሰው በቅሎው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ሸለብ ቢያደርገው ብዙም አይጨነቅም። በቅሎዋ ቤቷን ታውቃለች። ታዲያ "ራሱን የሚነዳ" ነገር ለአገራችን አዲስ ነው ትላላችሁ? ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በቅሎዋ ዓይኗን ብቻ አታምንም፤ ታሸታለች፣ ታዳምጣለች፣ ያላመነችውን መሬት በሰኮናዋ ትሞክራለች። ሁለተኛ፣ ልጓሙ ምንጊዜም የሰውየው ነው።

ማሽንን ልጓም ለማስያዝ የተደረገው ሙከራ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ1906 ዓ.ም. ሎውረንስ ስፔሪ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ፓሪስ ላይ አውሮፕላኑ በጋይሮስኮፕ ሚዛኑን ሲጠብቅ፣ እሱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ለተመልካች አሳየ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ግን ማሽኑ ሲሳሳትስ?

መልሱ ከእኛው ሰማይ መጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ አፍንጫው ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ዳሳሾች (ሴንሰሮች) ነበሩት። የቀኙ 15 ዲግሪ ገደማ ሲል፣ የግራው 75 ገደማ አለ። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ግን የሰማው የተሳሳተውን ብቻ ነው። "አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ብሏል" ብሎ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። አብራሪዎቹ ታገሉት፤ አልሆነም። በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። 5 ወር በማይሞላ ጊዜ በፊትም ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው በዚሁ ምክንያት ሞቶ ነበር።

አውሮፕላኑ በመላው ዓለም ታገደ። ተሻሽሎ ሲመለስ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ዳሳሾች ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ ዝም ይላል፤ አብራሪውንም በጉልበት አይበልጠውም። የበቅሎዋ ሁለት ነገር ማለት ይኸው ነው።

መኪናም ከዚህ አያመልጥም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. አሪዞና ውስጥ ኡበር ይሞክራት የነበረች ራሷን የምትነዳ መኪና፣ በምሽት ብስክሌት እየገፋች የምትሻገር ሴት ገጭታ ገደለች። ዳሳሾቹ ከ5 ሰከንድ በላይ ቀድመው አይተዋታል። ሶፍትዌሩ ግን "ተሽከርካሪ ናት፣ ሌላ ነገር ናት፣ ብስክሌት ናት" እያለ ሲዋልል ጊዜው አለቀ። ሰው ከማቋረጫው ውጭ ይሻገራል ብሎ እንዲጠብቅ አልተሠራም ነበር። ለጥንቃቄ የተቀመጠችው ሾፌርም መንገዱን እያየች አልነበረም። እስቲ ያችን መኪና በሞጣ የገበያ ቀን አስቧት፦ ጭነት የያዘ አህያ፣ ባጃጅ፣ የበግ መንጋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በየትም የምትሻገር እናት...

ነገሩ ቤታችሁም ሊገባ ነው። በስልክ የሚከፈት በር ያምራል። መብራት ሲጠፋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ግን በሩ ምን ይሆናል? ቤት ውስጥ ጭስ ቢነሣ፣ ሕፃን ልጅ ከውስጥ በእጁ ሊከፍተው ይችላል?

እንዲህ ያለ ዕቃ ስትገዙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ "አንዱ ዳሳሽ ቢሳሳት ማን ያርመዋል? እኔስ ልጓሙን የምይዘው በምንድን ነው?" ሻጩ መልስ ካጣ፣ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።