ሆላንድኛ በአዮዋ ሜዳ

ሜይ 23 ቀን 1918 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካዋ አዮዋ ክፍለ ግዛት ገዥ ዊሊያም ሃርዲንግ አንድ አዋጅ አወጡ። በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡር ውስጥ፣ በስልክ ሳይቀር ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ከለከሉ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እቤቱ ሆኖ ይጸልይ ተባለ። በዚያን ዘመን አንድ የስልክ መስመር ለብዙ ቤት የጋራ ነበርና ጎረቤት የጎረቤቱን ወሬ እንዳሻው ያዳምጣል። በዚህ መንገድ ጀርመንኛ ሲያወሩ የተሰሙ አራት ሴቶች 225 ዶላር ከፍለዋል።

ከጀርመን ጋር ጦርነት ላይ ስለነበሩ ዋናው ዒላማ ጀርመንኛ ነበር። ዱላው ግን ፔላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ሆላንዳውያን ላይም አረፈ። ሆላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ መሆኗን ማን ሰምቶ! እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያውቅ ጆሮ ሁለቱ ቋንቋዎች ያው ናቸው። የፔላ ሰዎች ደግሞ ሆላንድኛቸውን ይዘው እዚያ ሜዳ ላይ ከሰፈሩ 71 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

የመጡበት ምክንያት የቤተ ክርስቲያን ጠብ ነው። በ1834 አንዳንድ ሰባኪዎች በሆላንድ መንግሥት ከሚደገፈው የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ተገንጥለው ወጡ፤ ስብሰባቸው ይበተን፣ እነሱም በገንዘብ ይቀጡና ይታሰሩ ጀመር። በ1845 የድንች በሽታ ገብቶ ድሃውን ሲያስርብ ስደቱ ቁርጥ ሆነ። ከተገንጣዮቹ አንዱ ፓስተር ሄንድሪክ ፒተር ሾልተ በ1847 ስምንት መቶ ያህል ሰው በአራት መርከብ አሳፍረው ባልቲሞር ወደብ አደረሱ። ለከተማይቱ ያወጡት ስም የጥንት ክርስቲያኖች ከኢየሩሳሌም ሸሽተው የተጠለሉባት የፔላ ስም ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት መሬት ቆፍረው፣ ጣሪያውን በሜዳ ሣር ከድነው ነው።

ሰው እንደሚጠብቀው ሳይሆን፣ መሥራቹ ራሳቸው ለእንግሊዝኛ የቸኮሉ ሰው ነበሩ። በ1855 ሆላንዳውያን በሞሉባት ከተማ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ! በ1860 ደግሞ አብርሃም ሊንከንን ለፕሬዚዳንትነት በዕጩነት ባቀረበው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ላይ አዮዋን ወክለው ተገኙ። ምእመኑ ግን በቋንቋ ነገር ፓስተሩን አልተከተለም። በ1861 ሄንሪ ሆስፐርስ «ፔላስ ዊክብላድ» የተባለ የሆላንድኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመ፤ ጋዜጣው እስከ 1942 ዘለቀ። ሆስፐርስ በኋላ ከፔላ ሰው ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ አዮዋ ሄደና ኦሬንጅ ሲቲን ቆረቆረ፤ እዚያም ከ1874 እስከ 1951 የሆላንድኛ ጋዜጣ ይታተም ነበር።

ቋንቋውን ግን ከጋዜጣ ይልቅ ያቆየችው ቤተ ክርስቲያን ናት ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በ1637 የታተመው የሆላንድኛ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ ይነበባል፤ ስብከቱም የልጆች ትምህርተ ሃይማኖትም በዚያው ነው። ከአገር ቤት የሚመጣው አዲስ ሰውም አልተቋረጠም። ታዲያ ሆላንድኛው ሁለት ነበር። አንዱ የእሑድ ነው፤ የተጻፈ፣ የተከበረ። ሌላው የጓዳና የበረት ነው፤ ወላጆቻቸው ከየገጠሩ ይዘውት የመጡት፣ ራሳቸው ተናጋሪዎቹ እንኳ «ትክክለኛ አይደለም» ብለው የሚያፍሩበት። መንግሥት ሊመታ የሚችለው የመጀመሪያውን ነው፤ መድረክ አለው፣ ትምህርት ቤት አለው። በረት ውስጥ ላም ለሚያልበው ማን አዋጅ ያነብለታል?

የሃርዲንግ አዋጅ ጦርነቱ ሲያበቃ በዲሴምበር 1918 ተሻረ። አዮዋ በማግስቱ ዓመት በትምህርት ቤቶች ላይ የጣለችውን የቋንቋ ገደብም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1923 ውድቅ አደረገው። ሕጉ ቢነሳም ፍርሃቱ አልተነሳም፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አንድ በአንድ ወደ እንግሊዝኛ ዞሩ።

በ1935 ፔላ የቱሊፕ አበባ በዓል ማክበር ጀመረች። ለመጀመሪያው በዓል የሚደርስ አበባ ስላልነበረ ከእንጨት የተሠሩ ትልልቅ ቱሊፖች በከተማው ተተከሉ። ዛሬም በየዓመቱ ሜይ ላይ ሰው የእንጨት ጫማ አጥልቆ፣ የአያቶቹን ልብስ ለብሶ አስፋልቱን በመጥረጊያ ይፈትጋል፤ ቱሪስቱም በለውዝ የተሞላ፣ በኤስ ፊደል ቅርጽ የተጋገረ ኬክ ለመግዛት ይሰለፋል። በዓሉን አልነቅፍም፤ ከተማዋን አብልቷታል። ነገር ግን ልብስና ኬክ በአንድ ሳምንት ይሰናዳል፤ ቋንቋ ዓመቱን ሙሉ የሚያወራው ሰው ይፈልጋል።

የሚያወራው ግን ጨርሶ አልጠፋም ነበር። በከተማይቱ ሴንትራል ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ፊሊፕ ዌበር ተናጋሪዎቹን እየፈለጉ አነጋግረው በ1988 ስለ ፔላ ሆላንድኛ መጽሐፍ አሳተሙ። ያገኙት የእሑዱን ሳይሆን የበረቱን ሆላንድኛ ነው፤ በአብዛኛው በአረጋውያን አፍ፣ ለቀልድና ለጨዋታ ሲውል። ልጆቻቸው ግን አልወረሱትም። በብዙ ስደተኛ ቤት እንደሚሆነው ሁሉ፣ አባትና እናት ልጅ እንዳይሰማ የሚፈልጉትን የሚያወሩት በአገራቸው ቋንቋ ነው፤ ልጁ ቢገባውም የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።