የባሕር ዳርቻ መሬትና የዴንማርክ ሕግ

የዴንማርክ ምዕራባዊ ዳርቻ ነፋሻና አሸዋማ ቢሆንም፣ የበጋ ማረፊያ ቤት ለሚሻ ሰው እጅግ ተፈላጊ ነው። ጎረቤቷ ጀርመን በሕዝብም በሀብትም ብዙ እጥፍ ስለምትበልጥ፣ ዳርቻው በገንዘብ ኀይል ከአገሬው እጅ ይወጣል የሚል ሥጋት አደረ። ከዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ሕግ፣ በዴንማርክ የማይኖር፣ ቀድሞም በድምሩ 5 ዓመት ያልኖረባት ሰው ያለ ፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይገዛ ከለከለ። ሕጉ የጠየቀው ዜግነትን ሳይሆን መኖሪያን ነው፤ ስለዚህ በውጭ ተወልዶ ያደገ ዴንማርካዊም ከክልከላው አላመለጠም።

ዴንማርክ በ1973 የአውሮፓን ማኅበረሰብ ተቀላቀለች። ካፒታል በነፃ ይዘዋወር የሚለው መርሕ እየጠነከረ ሲሄድም፣ በ1992 በተፈረመው የማስትሪኽት ውል ላይ ስለ ማረፊያ ቤት ያላትን ነባር ሕግ እንድትጠብቅ የሚፈቅድ ባለ አንድ ዐረፍተ ነገር ፕሮቶኮል አስጨመረች።

በአንጻሩ ኦስትሪያ በ1995 ስትገባ ያገኘችው የ5 ዓመት ፋታ ብቻ ነበር፤ በ1999ም የአውሮፓው ፍርድ ቤት የቲሮል ክፍለ ሀገርን የመሬት ግዢ ፈቃድ ሥርዐት ከውሉ ጋር የሚቃረን ሆኖ አገኘው። የሁለቱም አገሮች ሥጋት አንድ ነበር፤ የለያቸው ግን በውሉ ውስጥ የሰፈረው ቃል ነው።