እንዶዳም፦ ውኃና እንዶድ

ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የሚባል ቦታ አለ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ በቅኔ ትምህርት ቤቱ የሚታወቀው ደብረ ኤልያስ ነው። ስለ ሐዲስ ብዙ ተብሏልና ዛሬ እሳቸውን ልለፋቸውና የትውልድ ቦታቸውን ስም ልያዝ። እንዶዳም… እንዶድ የበዛበት እንደማለት።

ታሪክ ስንጽፍ ንጉሡን አንረሳም፤ ጦርነቱንም አንረሳም። ያ ሁሉ ነጭ ልብስ በምን ይታጠብ እንደነበር ግን ማን ጻፈልን?

ሳሙና በየሱቁ ሳይደረደር በፊት የደጋው ሰው ልብሱን የሚያጥበው በእንዶድ ነበር። ፍሬው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። ደብረ ኤልያስን በመሰለ አገር፣ በዓል ሲመጣ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መሳም ወግ በሆነበት፣ እንዶድ ቀላል ነገር አልነበረም። የሰው ላብና የቅቤ ቅባት የጠገበ ነጠላ ውኃ ብቻውን አያስለቅቀውም።

ለምን? መልሱ ያለው ውኃው ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ላቩዋዚዬ ውኃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ መሆኑን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1783 ነው። ሆላንዳዊው ፒተር ዲባይ ደግሞ በ1912 አንዳንድ ሞለኪውሎች አንዱ ጎናቸው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ጎናቸው ኔጌቲቭ እንደሆነ የሚያስረዳ ሐሳብ አቀረበ። በ1936 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ውኃ ከነዚህ አንዱ ነው። ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖቹን ወደራሱ ስለሚስብ ትንሽ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ሞለኪውሉ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ በተጣፉ ነበር። ግን ጎበጥ ያለ ነው። ስለዚህ ውኃ ሁለት ፊት አለው፤ ፖላር የሚሉት ይህንን ነው።

ሁለት ፊት ያለው ነገር መሰሉን ይወዳል። ውኃ ከውኃ ጋር ይያያዛል፤ ጨውንም በሁለቱም በኩል ይዞ ይበታትነዋል። ቅባት ግን እንዲህ ያለ ፊት የለውም፤ ስለዚህ ውኃው ያገለዋል።

እዚህ ላይ ነው እንዶድ አስታራቂ ሽማግሌ ሆኖ የሚገባው። ፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አንዱ ጫፉ ስኳር ነው፣ ውኃ ይወዳል። ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል። በአንድ እጁ ቅባቱን፣ በሌላው ውኃውን ይዞ እድፉን ከልብሱ ያላቅቀዋል። የደጋዋ እናት ይህን ስም አልሰጠችውም። ሥራውን ግን ከዲባይ በፊት ታውቅ ነበር።

ታሪኩ በልብስ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ሊያጠና አድዋ ሄደ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ሰውነታቸውን የሸፈነው የሕዋስ ስስ ሽፋንም ቅባት አለበት፤ ሳፖኒኑም ያንን ሽፋን ያፈርሰዋል። ልብስ ያጸዳው ጠባይ ቀንድ አውጣ ገደለ ማለት ነው። አክሊሉ ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወሰደ።

ከዚያስ? በ1990ዎቹ አሜሪካ ኦሃዮ ያለ የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ቅርፊታም እንስሳን በእንዶድ ለመግደል ፓተንት አወጣበት። አክሊሉም ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። አድዋ ወንዝ ዳር ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ግን የሉበትም። እንዴትስ ይኖሩበታል? ስማቸውን የጻፈ የለም።

እኛ «ያልተጻፈ እውቀት እውቀት አይደለም» የምንል ትውልድ ነን፤ ከመጽሐፍ ያላገኘነውን አናምንም። ሌላው ግን ያልጻፍነውን አይቶ ይጽፈዋል፣ በስሙም ያስመዘግበዋል። የአክሊሉ ስም ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ላይ አለ፤ ይገባዋል። የአጣቢዎቹን ስም የት እንፈልግ?

ጎጃም ውስጥ ቢያንስ አንድ ቦታ አለ። ሰው ሁሉ የሐዲስ ትውልድ ቦታ ብሎ ያልፈዋል እንጂ እንዶዱ ስሙ ላይ አለ።